ፊት መስመር የምትቆመው እህታችን

ብሩኬ! ነይ እዚህ፣ አጠገቤ ተቀመጪ፤ አግዳሚው ሰፊ ነው። ውይ፣ ጫማሽ ጭቃ በጭቃ ሆኗል እናትዬ! ከመናኸሪያ በእግርሽ ነው የመጣሽው? እኔማ ባጃጅ ውስጥ ተጣብቄ መጣሁ፤ ሾፌሩ ጎኑ ሁለት ሰው ጭኖ፣ አንዱ ደግሞ ዶሮ ይዟል... በይ ወንድም ይስሐቅ ኪቦርዱን ይዞ እስኪመጣ ትንሽ እንጫወት። መዘምራን ሲሰበሰቡ ጨዋታ ነውር ነው እንዴ? ሐሜት ነው እንጂ ነውሩ። እኔ ደግሞ ሐሜት እንደማልወድ ታውቂያለሽ።

ዞረሽ ግን እንዳታዪ። ከኋላችን ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ የተቀመጠው ሰው ብርድ ይዞት ይሆናል። ሶዶ በግንቦት ይበርዳል አይደል?...

እና ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ ስለ ደግነት። አንዲት እህት አውቃለሁ። ስም አልጠራም፤ ስም መጥራት ምን ያደርጋል? ብቻ ለሰው አሳቢ ናት። እንዴት አሳቢ መሰለችሽ! የዛሬ ሦስት ሳምንት ወንድም ይስሐቅ ለመዝሙራችን ክሊፕ መስመር ሲያሲዘን፣ ያንቺን ፊት አይታ ሆዷ አልቻለም። «ካሜራ ብጉር ያጎላል፤ ብሩክታይት እንዳታፍር ብዬ ነው» አለችው፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ይሄ ፍቅር አይደለም? ወዲያው አንቺ ሦስተኛ መስመር፣ ወንድም ደጉ ጀርባ ገባሽ። የደጉን ቁመት ደግሞ ታውቂዋለሽ... የመብራት ምሰሶ ጀርባ ብትቆሚ ይሻልሽ ነበር። በወላይትኛ የጻፍሽው ስንኝስ? ስንት ሌሊት የደከምሽበት ሜዳ ላይ ይውደቅ? እሷ ተሸከመችልሽ። ከፊት ቆማ፣ ብቻዋን፣ ማይክ ይዛ። እንዲህ ሸክም የሚያቀልልን ሰው ዛሬ የት ይገኛል?

«ፊት የበቀለን ወፍ ይበላዋል» ይላሉ... አንቺ ፊት ላይ የበቀለውን ግን ወፍ አልበላውም፤ እህት በላችው።

ደግሞ ለዚህ ቦታ ስትል የደከመችው ድካም! ኔት በተዘጋ በተከፈተ ቁጥር ዩኒቨርሲቲው አጥር ሥር ቆማ ዋይፋይ ስትለቅም... እኛ ለማትሪክ ጥያቄ ስንሠራ፣ እሷ ፌስቡክ ላይ የኮሪያ ሴቶችን ፊት ታጠናለች። የአንድ ለአምስታችን መሪ አይደለች? መሪ ቀድሞ መማር አለበት። መጀመሪያ የጥርስ ሳሙና ቀብታ አደረች፤ ጠዋት ፊቷ ጥርስ ባያበቅልም ተፋቀ። ቀጥሎ ሎሚ። ቀጥሎ የእንቁላል ነጩን። ቀጥሎ ሩዝ የታጠበበት ውሃ... ሩዙ ለእንግዳ፣ እጣቢው ለፊት። አንድ ፊት ይሄን ሁሉ መቻሉ አይገርምሽም? የኔ ቢሆን ድሮ ጥሎኝ ይሄድ ነበር።

ማክሰኞ ታዲያ እኛ ቤት መጣች። አዲስ ቪዲዮ አይታለች። አቮካዶና ሞሪንጋ የሚሉት የኛው የሽፈራው ቅጠል አብሮ ይፈጫል፣ ይቀባል፣ ሃያ ደቂቃ ይቆያል፤ ሲታጠብ ፊት እንደ መስታወት ያበራል። አቮካዶው ከጓሯችን፣ ሽፈራውም ከጓሯችን። ቪዲዮው ላይ በኤሌክትሪክ ነው የሚፈጩት፤ መብራት ደግሞ ሄዷል። «ድንጋይ የላችሁም?» አለችኝ።

ድንጋይ ሞልቶ! እማዬ ዳጣ የምትፈጭበት በሩ ሥር ተቀምጧል። ሃያ ዓመት ሙሉ ቃሪያ፣ ሚጥሚጣና ዝንጅብል ሲጠጣ የኖረ ድንጋይ። በኛ አገር ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን እንኳ የዳጣ ድንጋይ በነካ እጁ ዓይኑን አያሽም። ውሸቴን ነው? እሷ ግን ዳጣ ብጉር ያመጣል ብላ ከተወች ከራረመች። «እኛ ቤት የገጠር ነገር አይገባም» ስትል ራስሽ ሰምተሻታል። የሠለጠነ ሰው ድንጋይ ሲያይ ድንጋይ ብቻ ነው የሚታየው፤ በምን ትወቅ ምስኪን?

እኔ ምን አደረኩ? ምንም። «ልጁ እንጀራ ቢለምነው ድንጋይ የሚሰጠው ማን ነው?» ይላል ቃሉ። እሷ የለመነችኝ ግን ድንጋይ ነው... ብከለክላት ኃጢአት አይሆንብኝም? እንዲያውም አበረታታኋት። «ከሥር ከሥሩ ፋቅ ፋቅ አድርጊው፣ በደንብ ይድቀቅ» አልኳት። ስትቀባም መስታወት ያዝኩላት። አንድ ደቂቃ ሲሆን «ሞቅ ሞቅ አለኝ» አለች። «እየሠራ ነው» አልኳት። ሁለት ሲሆን «ቤቴል፣ ይሄ ነገር...» አለች። «ኮሪያዎቹስ በነፃ ነው እንዴ ያማሩት? ቻይው» አልኳት። ሦስተኛው ላይ... ብሩኬ፣ ሰው እንደዛ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም! የውሃው በርሜል ውስጥ እስከ ጆሮዋ ገባች። ዶሮዎቹ ሳይቀሩ መንገድ ለቀቁላት። እማዬ ወተት ይዛ ደርሳ እያጠበቻት «ልጄ፣ ዳጣ እኮ በአፍ ነው» አለቻት፣ በወላይትኛ። እሷ ደግሞ ወላይትኛ አይገባኝም ባይ ናት። ነገ ግን በወላይትኛ ትዘምራለች... የጌታ ሥራ ማን ያውቃል?

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል እሰማለሁ፤ የወላይታን ልጅ ዳጣ አቃጠላት ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ግን ክፉ አላገኛትም፣ ተመስገን። ቀላች እንጂ። መቅላት ትመኝ አልነበር? ቦዲቲ ገበያ ቲማቲሙ መሐል ብትቀመጥ ሰው ጎንበስ ብሎ ይመርጣት ነበር። ነርሷም አይታታለች፤ ጠባሳ አይተውም፣ በሳምንት ይለቃል ብላለች። ሳምንት ምን አላት?... ቀረጻው ነገ ሆነ እንጂ።

ወንድም ይስሐቅ ደግሞ ገር ሰው ነው። ትናንት «እሷን ወደ ኋላ ልመልሳት ይሆን?» አለኝ። ደነገጥኩ! «ኧረ ወንድሜ፣ የሰው ፊት አይቶ መስመር መቀየር ከመቼ ወዲህ ነው? ጌታ የሚያየው ልብን አይደለም?» አልኩት። ሰውዬው አፈረ። በቃ ቦታዋ ቦታዋ ነው አለ። ለሷ ብዬ ነው የተከራከርኩት፤ እሷም ላንቺ ብላ አልነበር?

አሁን እንግዲህ አንድ ሰው በገዛ አፉ «ስንኙ የብሩክታይት ነው፣ ቦታውም የሷ ነው፣ ያኔ ያልኩት ለራሴ ብዬ ነው» ካላለ ማን ይቀይረዋል? እኔ አልችል፣ አንቺ አትችይ። ቢቀየር እኮ ደጉ ጀርባ እንዴት ያለ ቦታ መሰለሽ... ካሜራ አይደርስ፣ ዓይን አይደርስ። ግን እሷ ለእንዲህ ያለ ጥግ አልተፈጠረችም።

አፍንጫ የሚስበው ማነው? አንቺ ነሽ?... እኔም አይደለሁ... ከኋላችን ያ ብርድ የያዘው ሰው ይሆናል። ይኸው ወንድም ይስሐቅ በሩ ላይ ደረሰ። በይ እሱ ሳይገባ ለዚያች እህታችን አንድ እንጸልይላት፤ እጅሽን ስጪኝ።

ጌታ ሆይ፣ የልቧን መሻት አንድም ሳታጎድል ስጣት። ከፊት መስመር ማንም አይንቀላት። ነገ ፀሐይህን ወለል አድርገህ አውጣላት፤ ካሜራውንም ቀረብ... በጣም ቀረብ አድርግላት። ክሊፑ ከአረካ እስከ ዲምቱ በየቤቱ ይከፈትላት፤ ሠርጓ ቀን ይታይላት፤ የልጅ ልጆቿ ከበዋት «ይቺ ማናት?» ብለው ይጠይቋት፣ እሷም «እኔ ነኝ» ለማለት ያብቃት።

አሜን በይ እንጂ ብሩኬ።