የሚንቀጠቀጠው ፍሬን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የየካቲት ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ሰሎሜ ከአውቶቡስ ወርዳ ባሕር ማዶ በምትኖርበት በቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ፎቆች መካከል ባለው ፓርኪንግ ስታቋርጥ፣ ጎረቤቷ አቶ ሽፈራው የመኪናቸውን ኮፈን ከፍተው እስከ ክርናቸው ድረስ ሞተሩ ውስጥ ገብተው አገኘቻቸው። እጅ ነስታ ልታልፍ ነበር። ሰው ማስቸገር አትወድም፤ ከሰው ጋር ማውራትም ይከብዳታል።

«ልጄ፣ እግዜር ነው የላከሽ» አሏት። «ይህን ባትሪ ያዥልኝ እስቲ። ዓይኔ ደከመ።»

ባትሪውን ተቀብላ አበራችላቸው። ብርሃኑ ከሞተሩ አጠገብ ባለችው የፊውዝ ሳጥን ላይ ሲያርፍ አንዱ ቦታ ባዶ መሆኑን አየች። የሳጥኑን ክዳን ገልብጣ የጎደለው የፍሬን መቆጣጠሪያው ፊውዝ መሆኑን አነበበች። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው፤ ባለፈው ሴሚስተር ሌት ተቀን ያጠናችው ደግሞ ይህንኑ ነበር።

«ጋሽ ሽፈራው፣ እዚህ ጋ አንድ ፊውዝ ጎድሏል።»

«አልጎደለም፤ ኪሴ ውስጥ ነው። እኔ ነኝ የነቀልኩት። ፍሬኑን ያሳመመው እሱ ነው።»

«ፍሬኑ ምን ሆነ?»

አቶ ሽፈራው ቀና ብለው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ከአሰብ አዲስ አበባ ሃያ ስድስት ዓመት ተሳቢ ጎትቻለሁ። ጣርማ በርን ስትወርጂ ፍሬን እግርሽ ሥር ከተንቀጠቀጠ፣ ኑዛዜሽን ጀምሪ ማለት ነው። ይህችን መኪና በገና ሰሞን ገዛሁ። በረዶ ላይ ብረግጣት ፔዳሉ እንደ ወባ በሽተኛ ተንዘፈዘፈ፤ ከሥርም አንድ ነገር አጉረመረመ። መካኒክ ጋ ብወስዳት ጤነኛ ነች አለኝ። እየተንዘፈዘፈ ጤነኛ የሚባል በሽተኛ አይቼ አላውቅም። ፊውዙን ነቀልኩት፤ መንቀጥቀጡ ቆመ።»

«ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት አልበራም?»

«በርቷል። ፕላስተር ለጠፍኩበት።»

ሰሎሜ ሳቋን ዋጠች። ልምድ ትልቅ መምህር ነው፤ ክፋቱ፣ መንገዱ ሲለወጥ ተማሪውን መልሶ አይጠራውም። ሃያ ስድስት ዓመት ነፍስ ያተረፈ ዕውቀት በሌላ አገር ነፍስ ሊያጠፋ እንደሚችል ማን ቀድሞ ይነግረናል?

የቀረውን ታሪክ ሲነግሯት ግን ሳቋ ጠፋ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ቆንጂት ኩላሊታቸው ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄደው ደማቸውን በመሣሪያ ያሳጥባሉ። ረቡዕ ዕለት ሁለቱ ከሆስፒታል ሲመለሱ መኪናይቱ ቀይ መብራት ላይ አልቆም አለች። አቶ ሽፈራው እንደ ለመዱት ፍሬኑን መታ መታ አደረጉ፤ መሪውንም አዞሩ፤ እሷ ግን በቀጥታ ተንሸራታ አውቶቡስ ማቆሚያው ጠርዝ ላይ ተላትማ ቀረች። ማንም አልተጎዳም።

«ቆንጂት ፈርታ ትናንት አልሄድም ብላ ቀረች» አሉ። «ዛሬ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ አላት። ሆስፒታሉ ደውሎ ለነገ ጠዋት አስቸኳይ ቀጠሮ ሰጣት፤ ሬዲዮው ደግሞ ነገ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ነው ይላል። ታክሲ ልጥራልሽ ብላት፣ ‹አንተ ያቃተህን መንገድ የማላውቀው ሰው ይንዳኝ?› አለችኝ።» ፊታቸውን ወደ ሞተሩ መለሱ። «ነገም ከቀረች ምን እንደሚሆን ዶክተሩ ነግሮኛል።»

ሰሎሜ የፊውዙን ባዶ ቦታ ደግማ አየች። ዝም ብላ ባትሪውን ይዛ ብትቆም ማንም አይወቅሳትም። ግን እኮ ታውቃለች።

«ጋሽ ሽፈራው… ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልበል?»

«በይ እንጂ።»

«ፍሬኑ አልታመመም። መንቀጥቀጡ ሥራው ነው።»

አዛውንቱ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «አንቺ መንጃ ፈቃድ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ነድተሽስ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ሳትዋኚ ዋና ልታስተምሪኝ ነው።»

«ዋናውን እርስዎ ያውቁታል» አለች ቀስ ብላ። «እኔ የተማርኩት ስለ ውሃው ነው።»

ይህች መልስ ሳትጥማቸው አልቀረችም፤ ኮፈኑን ተደግፈው ቆሙ። «ቀጥዪ።»

«በረዶ ላይ አጥብቀው ሲረግጡ ጎማው ምን ይሆናል?»

«ይታሰራል። እሱ መዞሩን ያቆማል፣ መኪናው ግን ይሄዳል።»

«መሪውን ቢያዞሩስ?»

«አይሰማም።»

«የሚንከባለል ጎማ ወዳዞሩት ይሄዳል። የታሰረ ጎማ ግን ጎማነቱ ይቀራል፤ እንደ ጫማ ሶል ነው። ወደየትም ቢያዞሩት በጀመረበት አቅጣጫ ይንሸራተታል።»

«ለዚህ እኮ ነው መታ መታ የምናደርገው!» አሉ። «ስትረግጪ ይይዛል፤ ስትለቂ ይንከባለላል። አባቶቻችን ያለ ነገር አላስተማሩንም።»

«ልክ ነዎት። ፔዳሉን የሚያንቀጠቅጠውን መሣሪያ የሠሩትም ያሰቡት እርስዎ የሚያደርጉትን ነው። በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ ይመታሉ?»

አቶ ሽፈራው ጫማቸውን በረዶው ላይ አንቀጫቀጩ። «ሦስት። ወጣት ሳለሁ አራት።»

«እሱ እስከ አሥራ አምስት ይደርሳል።»

«ፍጥነት ብቻውን ሙያ አይደለም። የስፌት መኪናም ትፈጥናለች። መቼ መልቀቅ እንዳለበት በምን ያውቃል?»

ጥያቄው የሾፌር ሳይሆን የመሐንዲስ ጥያቄ ነበር። ሰሎሜ ጓንቷን አውልቃ በረዶ በለበሰው የጎን መስኮት ላይ ጥርስ ያለው ክብ ሣለች።

«በየጎማው ውስጥ እንዲህ ያለ ባለ ጥርስ ቀለበት አለ። አጠገቡ ማግኔት ያላት ትንሽ መሣሪያ ቁጭ ብላ፣ ሳትነካው፣ የሚያልፉትን ጥርሶች ትቆጥራለች። ቁጥሩ ወደ መኪናው ኮምፒዩተር ይሄዳል። አንዱ ጎማ ከመኪናው ይልቅ በድንገት ከዘገየ ሊታሰር ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት በቫልቭ ይዘጋዋል። አሁንም ከዘገየ ግፊቱን ይቀንስለታል። ጎማው መንከባለል ሲጀምር መልሶ ይሰጠዋል። እግርዎ ሥር የሚመታው ዘይቱ ሲመላለስ ነው።»

«ወደዚያ ጎማ ብቻ?»

«በእርስዎ መኪና፣ አዎ። ሌሎቹ ሦስቱ የያዙትን እንደያዙ ይቆያሉ።»

አቶ ሽፈራው ወደ መስኮቱ ቀረቡ። ክቡን ትክ ብለው አዩት።

«እኔ አንድ እግር ነው ያለኝ» አሉ በመጨረሻ። «አንድ እግር፣ አንድ ፔዳል። የቀኙ ጎማ ጭቃ ላይ፣ የግራው ደረቅ ላይ ሲሆን ተሳቢው ሊጠመዘዝ ሲል ስንቴ አይቻለሁ። ለእያንዳንዱ ጎማ የሚገባውን መስጠት የሚችል ሾፌር አልተፈጠረም እንል ነበር።» ኪሳቸው ውስጥ ያለችውን ፊውዝ በጣታቸው ዳሰሷት። «በየጎማው አንድ ሾፌር ተቀምጦልኛል እያልሽኝ ነው።»

«እንደዚያ ነው።»

«ቃሉ ያምራል። ግን መስኮት ላይ ሲሣል ሁሉም መኪና ይቆማል። ነይ፣ እንየው።»

ከፎቁ ኋላ ያለው ፓርኪንግ ባዶ ነበር፤ በረዶው ተረግጦ መስታወት ሆኗል። ሰሎሜ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ሦስት የሙዝ ካርቶን አምጥታ አንዱን መሐል ላይ አቆመችው። በዚህ መሐል ወይዘሮ ቆንጂት የባላቸውን ካፖርት ደርበው፣ ባበጠ እግራቸው የባላቸውን ጫማ ተጫምተው ቀስ እያሉ መጡ።

«አንተ ሽፈራው፣ የሰው ልጅ በብርድ ልትገድል ነው?»

«ቁሚና እዪ» አሉ አቶ ሽፈራው።

መጀመሪያ ያለ ፊውዙ ነዱ። ካርቶኑ ጋ ሲደርሱ ረገጡ፣ መሪውን አዞሩ፤ መኪናይቱ መሪ እንዳልተፈጠረላት በቀጥታ ሄዳ ካርቶኑን ደፈጠጠችው።

«ነፍስ ይማር» አሉ ወይዘሮ ቆንጂት።

ከዚያ ፊውዙ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሰሎሜም ከጎናቸው ገባች። ቢጫው መብራት ከፕላስተሩ ሥር ለጥቂት ሰከንድ በርቶ ጠፋ። ነዱ፤ ነገር ግን የሃያ ስድስት ዓመት እግር በአንድ ቀን አይታዘዝም። መታ መታ አደረጉ፤ ሁለተኛው ካርቶንም ሄደ።

«ይኸውልሽ!» አሉ።

«ፔዳሉን መታ መታ አደረጉት እኮ ጋሽዬ። እሱ ሥራውን ሲጀምር እርስዎ እየለቀቁ ያስቆሙታል። እንደ ረዳትዎ ይቁጠሩት። ሥራ ከሰጡት በኋላ ከእጁ አይንጠቁት።»

ረዳት የሚለው ቃል ገባቸው። ሦስተኛው ካርቶን ቆመ። በዚያ ብርድ የአቶ ሽፈራው ግንባር አላበው። ረገጡ። ፔዳሉ እግራቸው ሥር ተንዘፈዘፈ፣ ከሞተሩ በኩል ጉርምርምታ ተነሣ፤ ጭናቸው ሊነሣ ሲታገል ሰሎሜ አየች።

«ይያዙት» አለች፤ ድምፅዋ ከወትሮው ከፍ ብሏል። «ይያዙት። አሁን መሪውን።»

መኪናይቱ ታዘዘች። በዚያ መስታወት ላይ አፍንጫዋን ወደ ግራ መለሰች፣ ካርቶኑን በክንድ ርቀት አልፋ ቆመች።

«ስንት ጊዜ መታ?» አሉ አቶ ሽፈራው፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ ይሆናል።»

«እኔ አንድ ጊዜ እግዚኦ እስክል ድረስ።» ወርደው ከፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አሉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ውስጥ አዩ። ከብረትና ከጭቃ በስተቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ጎማውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ሰው ምጥ የያዛትን ላም ሆድ እንደሚዳስስ። «እዚህ ጨለማ ውስጥ ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያመሰግነው ይቆጥራል» አሉ።

ሰሎሜም ወረቀት ላይ ብቻ የምታውቀውን ነገር ያን ቀን ገና በሰውነቷ መስማቷ ነበር። ሆኖም እውነቱን ሳትጨርስ መሄድ አልወደደችም።

«አንድ ነገር አለ ጋሽ ሽፈራው። ተአምር አይሠራም። ልል በረዶ ላይ እንዲያውም ከድሮው ይልቅ ርቆ ሊቆም ይችላል። የሚሰጥዎት መሪውን ነው። ዝግ ማለትና ርቀት መጠበቅ የእርስዎ ሥራ ነው።»

«ደግ። ሁሉን እችላለሁ የሚል ረዳት እኔም አልቀጥርም።»

ወይዘሮ ቆንጂት የኋላውን በር ከፍተው ገቡ። «እስቲ እኔ እያለሁ ድገመው።»

ተደገመ። ጉርምርምታው ከወለሉ ወደ እግራቸው ሲመጣ መቀመጫውን ጨበጡ። «ይህ ሲያጉረመርም እየሠራ ነው ማለት ነው?»

«አዎ፣ እትዬ» አለች ሰሎሜ።

«ታዲያ ከባሌ በምን ይለያል!» አሉና ትንሽ ቆይተው፣ «ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?»

እሑድ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ወይዘሮ ቆንጂት ካልመጣሽ ስላሉ፣ ሰሎሜ ከኋላ አብራቸው ተቀምጣ ነበር። መንገዱ በቀጭን በረዶ ተለብጧል። አቶ ሽፈራው የኤሊ አነዳድ ነዱ። ቁልቁለቱ ላይ ግን ከፊታቸው ያለች ቫን ተሽከርክራ መንገዱን ዘጋች። እግራቸው ወረደ፤ አልተነሣም። ፔዳሉ ተንዘፈዘፈ። እሳቸው ዝም ብለው መሪውን ወደ ባዶው መስመር አዞሩ፣ ቫኗን አለፏት፣ ቀስ ብለው ቆሙ። ወይዘሮ ቆንጂት ዓይናቸውን ገለጡ። «አለፍናት?»

«አለፍናት።»

አዲስ ነገር ሁሉ መልካም ነው አይባልም፤ ያልገባንን ሁሉ በሽታ ነው ማለት ግን ከዚህ የባሰ ነው። አቶ ሽፈራው ያን ጠዋት ያተረፉትን ቁጠሩ፤ መኪናቸውን፣ ምናልባትም የቫኗን ሰው፣ ከሁሉ በላይ የባለቤታቸውን ቀጠሮ። የከፈሉት ዋጋ አንድ ነው፤ የማያውቁትን መጠየቅ። ከዚያ ወዲህ ከቅዳሴ በኋላ የቀድሞ ሾፌሮችን ሰብስበው፣ «ርገጡና ያዙ፤ እየያዛችሁ ምሩ» እያሉ የሚያስተምሩት እሳቸው ሆነዋል።

ያን ቀን ሆስፒታል ሲደርሱ ወይዘሮ ቆንጂት ከመሣሪያው ጋር ተያያዙ፤ ደማቸው በቀጫጭን ቱቦዎች ወጥቶ ታጥቦ ይመለስ ጀመር። አቶ ሽፈራው ሁልጊዜ ይህን ላለማየት ኮሪደር ላይ ነበር የሚቀመጡት። ያን ቀን ግን ወንበር ስበው ከመሣሪያው ፊት ተቀመጡ።

«ሰሎሜ» አሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ «ነርሷ ጊዜ ካላት ጠይቂልኝ። የዚህንም አሠራር መስማት እፈልጋለሁ።»