የዳክን እግር ማን ያያል?

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ ባልደረቦቼ፤

በዚህ ሙቀት ከማንጎው ጥላ ሥር ወንበር ደርድራችሁ፣ ፍየል አርዳችሁ በጡረታ ስለሸኛችሁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። ሲስተር ኛሬአት "ዶክተር ኦሉም፣ ንግግሩን ያሳጥሩ፣ ሥጋው ይቀዘቅዛል" ብላኛለች። ጋምቤላ ውስጥ ሥጋ ሲቀዘቅዝ አይቼ አላውቅም፤ ግን እሺ።

"ዶክተር ቀስ" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የማልሰማ መስሏችሁ ነው እንጂ ኮሪደሩ ሁሉንም ያሰማል። ምን ላድርግ? ከአንዱ እግር ወስደን በሌላው የምንተክለውን የደም ሥር በስሪንጅ ውሃ እየገፋ የሚያስጨንቀው ሰው ሳይ ያመኛል። ውስጡ ከተጎዳ ዛሬ ደም ቢያሳልፍም ከወራት በኋላ ይደፈናል። ስለዚህ ቀስ! አይድረቅ! አትቆንጥጡት! ዶክተር ሜላት እዚህ የመጣች ሰሞን "ዶክተር፣ እኛን እንኳ እንዲህ ተንከባክበውን አያውቁም" ብላኝ ነበር። እውነቷን ነው።

ዳክን ታስታውሱታላችሁ? ያ የኢታንጉ ጀልባ ነጂ፣ የጀልባው ሞተር ከቀኝ ጉልበቱ ጀርባ የደም ሥሩን የቆረጠው። ወደ ሌላ ከተማ ብንልከው እግሩ መንገድ ላይ ይሞት ነበር። ከሜላት ጋር ሆነን ከግራ እግሩ የደም ሥር ወስደን ለቀኙ ተከልንለት። በማግስቱ ኛሬአት እግሩን ነክታ "ቀዝቅዟል፣ ትርታውም ጠፋኝ!" አለች። አንሶላውን ብንገልጥ እናቱ ከጉልበቱ በታች ዶቃ አስረውለታል። እግሩ ሲያብጥ ክሩ ሥጋው ውስጥ ገብቷል።

መቀስ አነሳሁ። እናትየው እጄን ያዙኝ።

"እግዚአብሔር ልጄን ይጠብቅ ብዬ አሰርኩ። መቀስ አይነካውም።"

ልጮህ አፌን ስከፍት ሜላት ቀደመችኝ። የእናትየውን ጣት ወስዳ ቀዝቃዛው እግር ላይ አሳረፈችው። "እማማ፣ ደሙ እዚህ መድረስ አለበት። ይፍቱትና እጁ ላይ ይሰሩለት።" በራሳቸው ጣት ፈቱት። ከዚያም ጣታቸውን መልሰው እግሩ ላይ አሳረፉ። ትርታውን ቀድመው ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ "አለ! አለ!" ሲሉ ክፍሉ በእልልታ ተናወጠ።

ከዚያ ወዲህ እኛ ዘንድ ጠያቂ ሁሉ እጁን ታጥቦ የበሽተኛውን እግር ይነካል፤ ከቀዘቀዘ ይጠራናል። በዚህ ልማዳችን እኮራለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጡረታን የፈራሁት በእነዚህ እግሮች ምክንያት ነው። የተተከለ የደም ሥር ከዓመት በኋላም ሊጠብ ይችላል። ዳክ ሲጋራ መተዉን ማን ይጠይቀዋል? መድኃኒቱን መዋጡን ማን ይከታተላል? እነዚህን ሁሉ እግሮች ጥዬ የት እሄዳለሁ?

ዛሬ ጠዋት ዳክ ለክትትል መጣ። እንደ ወትሮዬ ጎንበስ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን እግሩን ከእኔ አሽሽቶ ወደ ሜላት አዞረው።

"ዶክተር፣ አንተ በቃ፣ እረፍ። ከዛሬ ጀምሮ የእኔን እግር እሷ ታያለች።"

ሜላት ነካችው፣ ፈገግ አለች፤ ከዚያ "ሲጋራ ሸተትከኝ!" ብላ ወረደችበት። እኔ እንኳ እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም።

ከፋኝ፣ አልዋሽም። ኮሪደር ወጥቼ ትንሽ አለቀስኩ። ግን ያለ ሥጋት ወደ ቤቴ መግባት እንደምችል ያወቅሁትም እዚያው ነው።

ወገኖቼ፣ እወዳችኋለሁ። እጃችሁ ይባረክ። የምትነኩት እግር ሁሉ ሙቀት አይጣ። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጣችሁ። የእናንተም ጡረታ ሲደርስ፣ በሽተኛችሁ እግሩን ከእናንተ አሽሽቶ ለተተኪያችሁ የሚሰጥበትን ጠዋት እግዚአብሔር ያሳያችሁ።