ጠያቂ ያጣ ትከሻ

ሰፈሩ «ጋሼ ምላጭ» የሚላቸው ሽማግሌ ፀጉር አስተካካይ የሱቃቸውን የብረት መዝጊያ በግራ እጃቸው ሊገፉ ሲታገሉ፣ ፎቁ ላይ የምትኖረው ወጣት አስተማሪ ወደ ሥራዋ ስትወርድ አገኘቻቸው። የተማሪዎቿን ደብተሮች ደረጃው ላይ አስቀምጣ መዝጊያውን ከፈተችላቸው።

«ቀኝ እጅዎ ምን ሆነ ጋሼ?»

«የሱቁን ታፔላ ሳጸዳ ከመሰላል ወደቅሁ ልጄ። ይኸው አራት ወር ሆነኝ፤ ትከሻዬ እንጨት ሆኗል።»

ነገሩ እንደ ቀልድ የሚታይ አልነበረም። ክንዳቸው ከደረታቸው በላይ አልወጣ ስላለ ደንበኞቻቸውን አጭር በርጩማ ላይ ያስቀምጡ ጀመር። ረጃጅሞቹ «ፀጉር ልንቆረጥ ነው የመጣነው ወይስ ልንንበረከክ?» እያሉ ወደ ሌላ ፀጉር ቤት ሄዱ። ሐኪሙ የሰጣቸው ወረቀት መስታወቱ ጥግ ላይ ተለጥፏል፤ ጠዋትና ማታ ጣቶችን በግድግዳ ላይ ሽቅብ ማስኬድ፣ ሃያ ሃያ ጊዜ።

«ይሠሩታል?»

«ሦስት ቀን ሠራሁ። ከዚያ በኋላ እንጃ! ነገ እላለሁ፤ ነገም ሲመጣ ዛሬ ሆኖ ይመጣል።»

አስተማሪዋ ሳቀች። «የእኔ ቢጤ ነዎት። ለደረጃ እድገት ፈተና ላነብ ካሰብኩ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የመጽሐፉን አቧራ ከማራገፍ አላለፍኩም። ታዲያ ለምን አንጠያየቅም? ጠዋት በዚህ ሳልፍ እኔ ስለ ክንድዎ፣ እርስዎ ስለ ንባቤ። ሥልጠና ላይ ‹የተጠያቂነት ጓደኛ› ብለው አስተምረውናል።»

ጋሼ ምላጭ ግራ ገባቸው። «ተጠያቂ? ምን አጥፍቼ ነው የምጠየቀው?»

«የታመመ ሰውስ አይጠየቅም እንዴ ጋሼ?»

ጋሼ ግን እጅ አልሰጡም። «ሰው ራሱ ካልጨከነ ሌላው ምን ያደርግለታል? ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ሲባል አልሰማሽም?»

«እኔስ ምን አልኩ? ይጩሁ ነው የምልዎት!»

«ለመጮኹማ ሚስቴ አለችልኝ።»

«እትዬ ምን ይሉዎታል?»

«‹ካመመህ ዛሬ ተወው› ትለኛለች።»

«የእኔም እናት ‹ደክሞሻል፣ ተኚ› ትለኛለች። የሚያዝንልን ሰው መቼ አጣን? ያጣነው ‹ሠራህ ወይ?› የሚለንን ነው።»

ሽማግሌው እሺ አሉ፤ እሺ ያሉት ግን ነገሩ ገብቷቸው ሳይሆን ልጅቷ ከሥራ እንዳትዘገይ ብለው ነበር።

አራት ቀን እንደ ቃላቸው ሠሩ። በአምስተኛው ቀን ግድግዳውን ሳይነኩ ዋሉና በማግስቱ «ስንት?» ስትላቸው «ሃያ» አሉ። «ጎበዝ!» ብላቸው አለፈች። ቀኑን ሙሉ መቀሱን ይዘው ሲብሰለሰሉ ዋሉ። ትከሻው የማን ነው? የዋሸሁትስ ማንን ነው? እሷ ምን ጎደለባት? እኔስ ምን ተረፈኝ?

በሚቀጥለው ጠዋት እሷ ቀደመች። «ትናንት አንድ ገጽ እንኳ አላነበብኩም። አንብቤያለሁ ልልዎት አስቤ ነበር፤ አፈርኩ።»

ጋሼ ምላጭ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ደግሞ ሳላፍር ዋሽቼሻለሁ። ያ ሃያ ያልኩሽ፣ አንድም አልነበረም።»

ቁጣዋን ጠበቁ። እሷ ግን «ሃያ በዝቶ ይሆን? በአምስት እንጀምር። እኔም ከአሥር ገጽ ወደ ሁለት ልውረድ» አለች።

«ተግሣጹስ?»

«ዳኛ ነኝ እንዴ ጋሼ?»

ግራ መጋባታቸው ባሰ። ሰው ጥፋቱን ተናግሮ እንዴት ይቀልለዋል? እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን እንደሳቸው ነን፤ ድካማችንን መደበቅ ክብር ይመስለናል። የተደበቀ ድካም ግን አይሞትም፤ ይሰነብታል፣ ይከርማል።

አምስቱ አሥር፣ አሥሩ ሃያ ሆነ። አንዳንድ ሳምንት ወደ አምስት ይመለስ ነበር፤ ያንንም ሳይደብቁ ተነጋገሩ። በሦስተኛው ወር የሽማግሌው እጅ ከደንበኛ አናት በላይ ወጣ። አስተማሪዋም ተፈተነች፤ ውጤቱ ገና ነው።

«ምን መድኃኒት አገኙ?» አላቸው ከተመለሱት ረጃጅሞች አንዱ።

«ብቻዬን ሳለሁ ቃል የምገባው እኔ፣ ቃሌ ሲፈርስም ይቅር የምለው እኔ ነበርኩ። ሌላ ሰው ሲሰማው ግን ቃሉ ቀጠሮ ይሆናል። የሚጠይቅህ ሰው የማይቆጣ ይሁን፤ እሱም አንተ የምትጠይቀው ነገር ይኑረው። ሥራህንም አሳንሰህ ጀምር። ለምን እንደሚሠራ ግን አትጠይቀኝ፤ እስካሁን አልገባኝም።»

በዚያው ቀን ለምሳ ቤታቸው ገብተው ሚስታቸውን «አንቺስ፣ ነገ ነገ የምትዪው ነገር አለሽ?» አሏቸው። የቤቱን መጋረጃ ስለ መቀየር ያነሱብኛል ብለው ነበር የጠበቁት።

ሚስትየው ሳህኑን አስቀመጡ። «ግራ ዓይኔን ከጋረደኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሐኪም ዘንድ ነገ እሄዳለሁ እላለሁ፤ እፈራለሁ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ! ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ኋላ ያንተ ትከሻ መጣ። ከዚያ በፊትስ ቢሆን መቼ ጠየቅኸኝ?»

ጋሼ ምላጭ ደነገጡ። የምክር መዓት አፋቸው ላይ መጣ፤ ዋጡት።

«ነገ በስንት ሰዓት?» አሉ ቀስ ብለው።

«በሦስት ሰዓት።»

«እንግዲያው በሁለት ተኩል ለብሼ በር ላይ እጠብቅሻለሁ።»