ከላይ የጠፋችው መስመር

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ገብረወልድ ወደ ቤታቸው የሚወስደውን አጭሩን መንገድ ትተው በከዚራ ሰፈር ዞሩ። ለምን ዞሩ ብሎ የሚጠይቃቸው ቢገኝ የዛፎቹን ጥላ ፈልገው እንደሆነ ይናገሩ ነበር፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአጭሩ መንገድ ላይ የመጋዘን ጠባቂው የበድሩ ወንድም ሱቅ አለ። በድሩ ደግሞ ከሥራ ከታገደ ወዲህ እዚያ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይውላል። እንግዲህ ብዙ ዘመን አብሯቸው የሠራውን ሰው ፊት ላለማየት ሲሉ፣ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በዚያ የድሬ ዳዋ ፀሐይ ዙሪያ ጥምጥም ሄዱ።

አንዱን ሲሸሹ ግን ከሌላዋ ጋር ተገጣጠሙ። ወይንሸት ጃንጥላዋን ይዛ በአንድ ቪላ አጥር ጥግ ወደ እሳቸው ስትመጣ አዩዋት። ወይንሸት ቡልጋሪያ ሄዳ ስለ ኮምፒውተር የተማረች ወጣት ናት። አቶ ገብረወልድ የሚመሩት መሥሪያ ቤት ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣውን ዕቃ እየተቀበለ በመጋዘን ያኖራል፤ እዚያ ኮምፒውተር ተክላ ሠራተኛውን የምታሠለጥነው እሷ ናት። ዞር ብለው እንዳያልፉ አይታቸዋለች።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ።»

«ጤና ይስጥልኝ ልጄ። በዚህ ፀሐይ ከየት ነው?»

«ከመጋላ ሰፈር። የበድሩን ባለቤት ሑዳን ልጠይቃት ሄጄ ነበር።»

«እንዴት ናት?» አሉ፣ ዓይናቸውን ጃንጥላዋ ላይ ተክለው።

«እንዴት ትሆናለች? ገበያ መውጣት ትታለች። ሰው ሰላም ሲላት እንኳ ሽሙጥ ይመስላታል። ልጆቿን ሰፈር ውስጥ የሌባ ልጆች ይሏቸዋል።»

የአቶ ገብረወልድ ፊት ተለበለበ። ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ኮምፒውተሩ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው «ዋናው» ይባላል፤ እዚያ የተጻፈ ሁሉ እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል። ሁለተኛው «መለማመጃ» ይባላል፤ ጀማሪ እዚያ እንዳሻው ቢጽፍ ቢሰርዝ ማንንም አይነካም። መልካቸው መንታ ነው። የሚለያቸው በኮምፒውተሩ መስተዋት አናት ላይ የምትታይ አንዲት መስመር ነበረች፤ በፈረንጅ ፊደል ሆና ግን በአማርኛ «ዋናው ላይ ነህ» ወይም «መለማመጃ ላይ ነህ» ትላለች። ወይንሸት ከመስተዋቱ ላይ ብዙ ዝባዝንኬ ጠርጋ ያችን መስመር ብቻ ትታት ነበር። አቶ ገብረወልድ ግን እሷንም አጥፊያት አሉ፤ ለዓይን አትመችም፣ ነገሩ የጠራ ይሁን ብለው። ወይንሸት አንድ ጊዜ ተከራከረች፣ ከዚያ ዝም ብላ አጠፋቻት። ያለበትን ማወቅ ለሚፈልግ ሰው፣ አንድ ቁልፍ ሲጫን ብቻ ብቅ እንድትል አደረገች።

ብዙም ሳይቆይ ተቆጣጣሪዎች መጡ። ኮምፒውተሩ በበድሩ መጋዘን ሠላሳ ጥቅል አቡጀዲ ገብቷል ይላል፤ መጋዘኑ ውስጥ ግን አንድም ጥቅል አልተገኘም። ኮምፒውተር አይዋሽም ተባለ። የመረከቢያ ሰነዱስ የታለ ሲባል፣ እሱንም ያጠፋው በድሩ ነው ተባለ። የእግዱን ደብዳቤ የፈረሙት አቶ ገብረወልድ ናቸው። ለሰኞ የሠራተኞች ስብሰባ ተጠርቷል፤ ከስብሰባው በኋላ በድሩ በሕዝብ ንብረት ላይ አሻጥር ፈጽሟል ተብሎ ለፖሊስ ሊሰጥ ነው። በዚያ ዘመን አሻጥር የምትባለው ቃል የተለጠፈችበትን ሰው በዋዛ አትለቀውም ነበር።

አቶ ገብረወልድ ስለ ሠላሳው ጥቅል የሚያውቁት ነገር ነበራቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲለማመዱ «ሠላሳ ጥቅል አቡጀዲ ገባ» ብለው እንደ ጻፉ ያስታውሳሉ። መለማመጃው ላይ ነበርኩ ብለው ለራሳቸው ሲምሉ ሰነበቱ። ቁልፏን ተጭነው እንዳላዩ ግን ያውቃሉ፤ እንቅልፍ የነሣቸውም ይኸው ነው።

«ጋሼ፣ ነገ ስብሰባው ላይ እነሣለሁ» አለች ወይንሸት። «ያ አቡጀዲ መጥቶ አያውቅም። ጅቡቲ የላከው የለም፣ ባቡሩ ያመጣው የለም። አንድ ሰው እየተለማመደ መስሎት ዋናው ላይ ጽፎታል። ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ፤ መስመሯን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

አቶ ገብረወልድ እፎይ አሉ። ወዲያው ግን በልጅቱ ትከሻ ሊድኑ መሆኑን አውቀው ደስ ስላላቸው፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር። አፋቸው ግን ልማዱን ይዞ ክርክር ጀመረ።

«አንቺ ምን አጠፋሽ? አንዲት መስመር ስለሌለች ሰው አይሳሳትም። ለሥራው ልብ የሌለው ሰው ነው የሚሳሳት። ደግሞም ልጄ፣ ጨዋ ነገር ያለበትን አይለፍፍም። እኔ በቢሮዬ በር ላይ ስሜን እንኳ አላስለጠፍኩም። ጉዳይ ያለው ያውቀኛል።»

«የማያውቅዎትስ? በቀደም ከኤረር የመጣችው ሴትዮ የጽዳት ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል በር ላይ ግማሽ ቀን አልተቀመጠችም? ኃላፊው እዚህ ነው ብላ!»

«ብትጠይቅ ኖሮስ?»

«ለመጠየቅ እኮ መጀመሪያ መጠርጠር ያስፈልጋል፤ እሷ ትክክለኛው በር ላይ የተቀመጠች መስሏታል። የእኔም ቁልፍ እንደዚሁ ነው። ተጭኖ የሚያየው የተጠራጠረ ሰው ብቻ ነው። መለማመጃ ላይ ነኝ ብሎ ያመነ ሰው ምን አስጨንቆት ይጫናል?»

አቶ ገብረወልድ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጥራት ወዳድ ሰው ናቸው፤ ጠረጴዛቸው ላይ ከአንድ ብዕር በላይ አይገኝም፣ የመጋዘኑን ግድግዳ እንኳ በየዓመቱ ነጭ ያስቀቡታል። በዚህ በኩል የሚያሸንፉ መሰላቸው።

«ራስሽ አይደለሽም ወይ ያን ሁሉ ኮተት ጠርገሽ ያጠፋሽው? ባዶና ንጹሕ ሲሆን ያምራል ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። ጌጡ፣ ክፈፉ፣ ማንም የማያነበው ማሳሰቢያ ሁሉ ይጥፋ፤ ሰው ዓይኑ ሥራው ላይ ይረፍ። ነገር ግን ከመጥረጌ በፊት ይህ ነገር ለማማር ነው ወይስ ሰው የት እንዳለ እንዲያውቅ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። የባቡር ጣቢያዎቹን ያስቧቸው ጋሼ። ያው አሸዋ፣ ያው ግራር፣ ያው ቢጫ ቤት። የጣቢያውን ስም የያዘችውን ሰሌዳ ግድግዳው ይመር ብለው ቢነቅሏት፣ እንቅልፍ ይዞት የነበረው መንገደኛ ሁርሶ የደረሰ መስሎት ኤረር ይወርዳል። ሰሌዳዋ ብታምርም ባታምርም ከዚያ ቦታ አትነሣም።»

«መንገደኛው ነቃ ብሎ ቢጓዝ—»

«ደክሞት ይሆናላ! ሰው ይደክማል፣ ሰው ከኋላው ሰዎች ቆመውበት ይጣደፋል። መሣሪያውን የምንሠራው ለነቃው ብቻ ነው እንዴ?»

ከኋላው ሰዎች ቆመውበት ያለችው ነገር አቶ ገብረወልድን እንደ እሾህ ወጋቸው። በአጥሩ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ወይንሸት የደከማቸው መስሏት ጃንጥላዋን ወደ እሳቸው አዘነበለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ጋሼ፤ አይቆጡኝም? ያችን መስመር እንዲያ የጠሏት ለምን ነበር? ለዓይን አትመችም ያሉኝን ያን ጊዜም አላመንኩም።»

አቶ ገብረወልድ ውሸት ሞልቷቸው ነበር፤ እንዲያውም ሁለት ሦስቱ አፋቸው ላይ ደርሰው ነበር። ነገር ግን በድሩ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ፣ ይህች ልጅ ደግሞ በማታውቀው ጥፋት ስትወቀስ፣ እሳቸው ነጭ ካኪያቸውን ለብሰው ስብሰባውን ሲመሩ ታያቸው።

«አፍሬ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ። «እኔ በተቀመጥኩ ቁጥር ልጆቹ ከኋላዬ ይቆማሉ። የቀጠርኳቸው ልጆች ናቸው። መለማመጃ ላይ ነህ የሚል ነገር ከራሴ በላይ ተጽፎ ሲያዩ፣ ሽበቴን ይዤ ፊደል የምቆጥር መሰለኝ። ስለዚህ አጥፊያት አልኩሽ። ሠላሳ ጥቅል ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ጠርጥሬ ነበር፤ ጠርጥሬም ፈረምኩ።»

ወይንሸት ጃንጥላዋን ከላያቸው አነሣች። ልታጽናናቸው አልፈለገችም፣ ልትቆጣም አልደፈረች።

«እኔም ከጥፋት ንጹሕ አይደለሁም» አለች። «ይህ ቀን እንደሚመጣ እያወቅሁ ከኃላፊ ላለመጣላት ብዬ አጠፋኋት። የተማርኩት ለዚህ አልነበረም።»

«ነገ አንቺ አትነሺም» አሉ አቶ ገብረወልድ። «አሁን ደግሞ አብረሽኝ ነይ።»

በዞሩበት መንገድ ተመልሰው ወደ በድሩ ወንድም ሱቅ ሄዱ። በድሩ ከሱቁ ደጃፍ በርጩማው ላይ ነበር። ወትሮ ቢሆን እንደ ማንኛውም የድሬ ልጅ አንተ እያለ ያቅፋቸው ነበር። አሁን ግን ተነሥቶ እጁን ወደ ኋላው አደረገ።

«ምን ልታዘዝ አቶ ገብረወልድ?»

የሆነውን ሁሉ ቆመው ነገሩት። የረሱትም ሆነ ያለዘቡት ነገር እንዳይኖር ወይንሸት ከአጠገባቸው አልራቀችም። ሑዳ ከሱቁ ጀርባ ካለው ቤታቸው ወጥታ መጋረጃውን በእጇ ይዛ አዳመጠች። ነግረውት ሲጨርሱ በድሩ በርጩማው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር እኮ» አለ። «ወላሂ! ምናልባት መጥቶ ይሆን፣ ምናልባት ለሰው ሰጥቼ ረስቼው ይሆን እያልኩ። ጭንቅላቴ ሄደ ብዬ ለሑዳ ነግሬያታለሁ።»

«አውቃለሁ፣ ይቅርታ—»

«አታውቅም። ይቅርታህን ነገ ሰው ፊት አምጣው። ደግሞ በመስመሯ እንዳታሳብብ አቦ። መስመሯ ስለሌለች ተሳሳትክ፤ እሺ፣ ሰው ነህ። የፈረምከው ግን ዐይንህ እያየ ነው።»

አቶ ገብረወልድ አንገታቸውን ደፉ። ሑዳ መጋረጃውን ለቅቃ ወደ ውስጥ ገባች።

ሰኞ በስብሰባው ላይ ሁሉን ተናገሩ፤ የመስመሯን ነገር ለብቻ፣ የፊርማቸውን ነገር ለብቻ። ከኋላ ወንበር የሳቀ ነበር፣ ከፊት ያጉረመረመ ነበር። ላባቸው እስከ ወገባቸው ወረደ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው፤ ስብሰባውን የመምራት ሥልጣናቸውም ለሌላ ተሰጠ። በድሩ በዚያው ቀን የመጋዘኑን ቁልፍ ተረከበ።

ወይንሸት መስመሯን መለሰቻት፤ ይህን ጊዜ ከበፊቱ ደመቅ አድርጋ። የቀረውን ገጽ እንደ ጠራ ተወችው፤ ጌጥ አልተጨመረበት፣ ማሳሰቢያ አልተቆለለበት። ከዚያ ወዲህ የሆነው ጥቅም ለማንም የሚታይ ነው። ጀማሪው ሳይፈራ ይለማመዳል፤ ምክንያቱም ዋናውን እንደማይነካ በዐይኑ ያያል። ነባሩ ሳይደናገር ይጽፋል። ቁጥሩና መጋዘኑ ይስማማሉ፤ ባልሠራው ጥፋት የሚታገድ ሰው የለም። በቢሮዎቹ በሮች ላይም ስም ተለጥፏል፤ ከኤረር የሚመጣ ባለጉዳይ የጽዳት ዕቃ ሲጠብቅ አይውልም። ነገርን ማቅለል የሚወድ ሁሉ ይቅለል፤ ሰው የት እንደ ቆመ የሚነግረውን ነገር ግን ከኮተቱ ጋር አብሮ አይጥረገው። ደግሞ ጀማሪ መባልን የሚያፍር ሰው፣ ከዚያ የከፋ እፍረት እንዳለ ከአቶ ገብረወልድ ይማር።

በድሩ ግን በደብዳቤም በስብሰባም ሙሉ በሙሉ አልረካም። አሁን ዕቃ ሲገባ ወረቀቱን ሰጥቶ አይሄድም። መጋዘኑን ቆልፎ ይመጣና ወጣቶቹ ሠራተኞች ባሉበት ከአቶ ገብረወልድ ወንበር ጀርባ ይቆማል፤ ቀድሞ ባቡር ላይ ሲሠራ በለመደው ፈረንሳይኛ የፈረንጁን ፊደል ያውቃልና የላይኛዋን መስመር ጮክ ብሎ ያነባል።

«ዋናው ላይ ነህ። ጻፍ አቦ» ይላቸዋል።

አቶ ገብረወልድ በዚያች ሰዓት ሁልጊዜ ጆሯቸው ይግላል። አንድም ቀን ግን አታንብብ ብለውት አያውቁም።