እትዬ ይመኙሻልና እስስቷ

የሚሊኒየሙ በዓል ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ከተበላ ከተማ ወደ ሶዶ በሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ መምህር ታምራትን ሳላስበው አገኘሁት። ታምራት የጉኑኖ ከተማ ልጅ ነው፤ ባዮሎጂ ሊያስተምር ሶዶ ተመድቦ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። እሱም እኔም በአንድ ግቢ ተከራይተን እንኖራለን። ጭኑ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ቅርጫት ነበር። ምን እንደያዘ ብጠይቀው ገለጥ አደረገልኝ፤ አንዲት አረንጓዴ እስስት እንጨት ጨብጣ አንድ ዓይኗን ወደ እኔ፣ ሌላውን ወደ መስኮቱ አዙራለች። ገበያ ዳር በዱላ ሊገድሏት ሲሉ ለምኖ ነው ያተረፋት፤ አንድ እግሯ ቆስሏል። ደስ አለኝ፤ ግን አከራያችን እትዬ ይመኙሻል ትዝ አሉኝ።

እትዬ ይመኙሻል አያቶቻቸው ከሰሜን መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ ደግና ተጫዋች ሴት ናቸው። ቤት ደርሰን ቅርጫቱ ውስጥ ያለችውን ሲያዩ ግን በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ታምራት ልጄ፣ ይህች እዚህ ካደረች አንተ አታድርም። ምራቋ የነካው ሰው ጥርሱ ይረግፋል። መልኳን የምትለዋውጠውም ተንኮል ቢኖርባት ነው።»

ታምራት አልተቆጣም። «ቤቱ የእርስዎ ነው እትዬ፤ ውጣ ካሉኝ እወጣለሁ። ግን በእስስት ምራቅ ጥርሱ የረገፈ ሰው በዓይንዎ አይተዋል?»

«እኔ አላየሁም። እናቴ ነግራኛለች።»

«እናትዎስ አይተው ይሆን?»

እንዲህ ሲጠየቅ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው፤ እትዬ ግን ቁጭ ብለው አሰቡ። በመጨረሻም ቁስሏ እስኪድን በረንዳው ላይ ትቆይ አሉ።

ታምራት ከእንጨትና ከወንፊት ሽቦ ሰፊ ቤት ሠራላት፤ ቅጠላም ቅርንጫፍ አስገባበት። የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው፣ ቀትር ላይ ጥላ በሚያርፍበት ጥግ አኖረው። ሆኖም ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ሰው ሊያያት ይጎርፍ ጀመር። እስስቷ እንደ ከሰል ጠቆረች፤ የሚሰጣትን ፌንጣ አልነካ አለች። ታምራት ትሞትብኛለች ብሎ ሰጋ። ጥፋቱ የራሱ መሆኑን፣ እንደ ትርኢት ለሰው ሁሉ ማሳየት እንዳልነበረበት ነገረን። ውኃም ከሳህን አትጠጣም፤ ቅጠሉ ላይ ሊረጭላት ይገባል አለ። እሱ ትምህርት ቤት ሲውል ግን ማን ይጠብቃት?

እትዬ እያጉረመረሙም ቢሆን ተረከቡ። እንግዶችን ከበር መለሱ። ከሩቅ ሆነው በጣታቸው ውኃ ረጩላት። አንድ ቀን እኔ ምሳዬን ልበላ ስመጣ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ዝም አሰኙኝ። እስስቷ ከቅጠሉ ጠብታውን እየላሰች ነበር። ከዚያ ፌንጣው ተንቀሳቀሰ፤ ምላሷ ተወርውሮ ለቀም አደረገችው። እትዬ ነጠላቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። ቀስ በቀስ መልኳም ወደ አረንጓዴ ተመለሰ።

ታምራት ሲመጣ የሆነውን ነገሩትና ስለ መልኳ ጠየቁት።

«ሲበርዳትና ስትፈራ ትጠቁራለች» አላቸው። «ሲሞቃትና ሰላም ስታገኝ ትፈካለች። መርዝ የላትም፤ ምራቅም አትተፋም። የነካት ሰው እጁን በሳሙና ከታጠበ ይበቃዋል።»

«እንግዲያ ተንኮል ሳይሆን ፍርሃት ነው በለኛ!» አሉ እትዬ። «የምትፈራውም እኛን ነው።»

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ከታምራት ወደ እሳቸው ተላለፈ። ለጎረቤቶቻቸው እስስትም ሆነ እንሽላሊት የጓሮ አትክልት የሚያበላሹትን ነፍሳት እንደሚበሉ ያስረዳሉ፤ ያልመረመሩትን መፍራት ሰውንም እንስሳንም እንደሚጎዳ ይመክራሉ። በሰፈራችን አጥር ላይ የምትታይ እስስት ዛሬ በድንጋይ አትባረርም፤ ጎመናችንም ያለ ብዙ ትል ይደርሳል።

በዚያው ሰሞን፣ ቁስሏ ገና ሳይድን፣ አንድ እሑድ እስስቷን ምሕረት ብለው ሲጠሯት ሰማሁና ለእንስሳ የሰው ስም ማውጣታቸው ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ስሟን እየጠራ ዱላ የሚያነሳባት ሰው የለማ» አሉኝና ቅጠሉን ውኃ ሊያርከፈክፉ ሄዱ።