ጋሽ ችካል ከበረዶው ሲወርዱ

እስቲ ጸጥታ! አንተ ወንበር የምትጎትተው፣ አረፍ በል። ጋሽ ችካል፣ ዛሬ በጡረታ መሸኛዎ መልስ መስጠት ክልክል ነው፤ ተራው የኛ ነው።

ለእንግዶቻችን፣ ይህ ስም እንዴት እንደወጣላቸው ልንገራችሁ። እኚህ ሰውዬ ወደ በረዶ ጥናት ክፍላችን የመጡት ከመንገድ ሥራ ነው፤ ቀያሽ ነበሩ። በመጡ ቀን የበረዶ ግግሩ ላይ ወጡና ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ባለ መስመር ችካል ተከሉ። በዓመቱ ቢመለሱ መስመሩ መሃሉ ላይ ጎብጦ ቁልቁል ወርዷል። “ማነው ችካሌን የነካው?” ብለው አፈጠጡብን። ሾፌሩን ሳይቀር ጠረጠሩት!

“ጋሼ፣ በረዶው እኮ ይሄዳል። መሃሉ ደግሞ ከዳሩ ይፈጥናል።”

“በምን እግሩ? ቂል አገኛችሁ!”

ከገባቸው በኋላ ግን ማን ያስቁማቸው! ደህና አደሩ ያላቸውን ሁሉ ይዘው፣ “የዘንድሮው በረዶ ባምናው ላይ ይተኛል፤ የታችኛው ይጨመቅና ይጠጥራል፤ ክብደቱ ሲበዛ በገዛ ጫናው ቁልቁል ይሄዳል፤ ሲሄድ ሥሩ የያዘው ድንጋይ ተራራውን እንደ ሞረድ እየፋቀ ሸለቆ ያወጣል” ይላሉ። በልጃቸው ሠርግ መርቁ ሲባሉ ይህንኑ ነው የነገሩን። ሙሽሮቹ ቆመው አለቁ።

አካሄዳቸውስ? ሳይወጉ አይረግጡም። በዱላቸው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ። ከሳቸው ጋር ስንሄድ ግግሩ ራሱ የሚቀድመን ይመስለኝ ነበር።

አሁን ቀልዱን ልተው። በረዶ ሲሄድ ይሰነጠቃል፤ አዲስ የጣለው ደግሞ ስንጥቁን ይሸፍነዋል። አንድ ቀን እንዲህ ያለውን ደህና መሬት ነው ብዬ ረገጥኩና ገባሁ። በገመድ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። በሌላው ጫፍ የታሰሩት እሳቸው ነበሩ።

“ጋሼ፣ መሞቴ ነው!”

“ዝም በይና ግድግዳውን እይልኝ። ንብርብሩ ይታይሻል?”

“ይታየኛል!”

“ከታች ምን ይመስላል?”

“ሰማያዊ!”

“እሰይ! እሱ አየሩ ተጨምቆ የወጣለት አሮጌው ነው። ላዩስ?”

ጉድ እኮ ነው! ነፍሴ ልትወጣ ነው፣ ሰውዬው ይፈትኑኛል። ጓደኞቻችን ደርሰው ጎትተው ሲያወጡኝ ግን እጃቸውን አየሁት። ጓንቱ አልቆ መዳፋቸው ተልጧል። ለካ የሚያስለፈልፉኝ ፍርሃቱ እንዳይገድለኝ ነው።

ጋሼ፣ ልጆቼ ዛሬ እናት ያላቸው በእርስዎ ነው። ምን ያህል እንደምወድዎ ለክቼ አልጨርሰውም። እግዜር ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት ለመጨረሻ ጊዜ ሲወጡ ሁላችንም ጭንቅ ላይ ነበርን። አንዳችንም አፍ አውጥተን አልተናገርንም እንጂ፣ “ምነው ይህቺን ብቻ በሰላም በወረዱ” እያልን ነበር። ጫማቸው አፈር ሲነካ ሾፌሩ እልል አለ። እኔም ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እፎይታ እንዲህ እንደሚያስለቅስ አላውቅም ነበር።

እትዬ፣ ባለቤትዎ በወጡ ቁጥር ስልክ ሲጮህ ልብዎ ድንግጥ እንደሚል ልጅዎ ነግሮኛል። ከዛሬ ወዲያ ስልክ ቢጮህ ወሬ ፈላጊ ነው፤ ተኝተው ይደሩ።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን ከፍ! ለጤና፣ ለረጅም ዕድሜ፣ ለማይንሸራተት መሬት!

እትዬ፣ እሳቸው ሁላችንንም ለየቤታችን በደህና ሲያወርዱን ኖረዋል። ዛሬ እኛ እሳቸውን አውርደናል። ይረከቡን።