ጎል ያላገባው የውሰት አጥቂ

ዱባይ አጠገብ ሻርጃ ያለው የእኛ የሐበሻ ልጆች ቡድን ታደለ የሚባል አጥቂ ከአጅማን ቡድን ለአንድ ወር በውሰት ወሰደ። አራቱንም ጨዋታ አየሁት፤ አንድም ጎል አላገባም። እኔም በማኅበረሰባችን ገጽ ላይ «አራት ጨዋታ፣ ዜሮ ጎል። ውሰቱ ለቡድኑ ምንም አልፈየደም» ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩ ትክክል ነበር። የቡድኑ ኮሚቴ ያንን አንብቦ «ኸላስ፣ በቃ ይመለስ» አለ፤ ውሰቱ ሳይራዘም ቀረ።

በሚቀጥለው ጨዋታ አል ተዓውን አጠገብ ያለው ሜዳ ስደርስ ቡድኑ በስድስት ሰው ቆሟል፤ ለመጀመር ቢያንስ ሰባት ያስፈልጋል። ዳኛው ጠብቆ ጠብቆ ፎርፌ ሰጠባቸው። ታደለ ከመምጣቱ በፊትም አንድ ፎርፌ ነበረባቸው፤ ያኔም ዘግቤዋለሁ፣ ለምን ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ሁለተኛው ከውድድሩ አስወጣቸው።

«ሌሎቹስ የት ሄዱ?» አልኩት አምበሉን።

«ዱባይ፣ ሙሀይስና የሠራተኛ ካምፕ ናቸዋ! በምን ይምጡ? በራሱ ሚኒባስ እየዞረ የሚለቅማቸው ታደለ ነበር። ጋሼ፣ ጎሉን ስትቆጥር እኛን ቆጥረኸን ታውቃለህ?»

ከሜዳው ወጥቼ ታደለ ጋ ደወልኩና ይቅርታ ጠየቅኩት።

«ምን አጠፋህ ጋሼ? ጎል አላገባሁም እኮ፣ ዋላሂ። ይልቅ አሁን ሜዳው ጋ ነህ? ሙቀቱ አይቻልም፤ መጥቼ ላድርስህ?»

«ታክሲ ውስጥ ነኝ» አልኩት።

የቆምኩት አስፋልቱ ዳር ነበር።